ከበርሜሏ ውስጥ የሚያንኳኳው

ጎጃም በረንዳ፣ ከገመድና ከጆንያ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። በደጇ የሚያልፍ ሰው ጎርፍ ጠጠር እያንከባለለ የሚወርድ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ተሸካሚዎቹ ለምደውታል። ለቦታው እንግዳ የሆነ ግን ቆም ብሎ ሰማዩን ያያል፤ ከዚያ ግራ እንደገባው መንገዱን ይቀጥላል።

የክፍሏ ባለቤት ጠሂራ ትባላለች። ሃምሳን ያለፈች፣ ቀጠን ያለች፣ ከወሎ የመጣች ሴት ናት። መርካቶ የገባችው ጨሌ እየሰካች ለመሸጥ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ኢምራን አገር ቤት ቀርቶ፣ ከደሴ ወዲያ ባለ ገደል ኦፓል ይቆፍር ነበር። ኦፓሉ ሲጠፋበት የሚያገኛቸውን፣ ሆዳቸው ውስጥ ነጭና ቡናማ መስመር የተጠመጠመባቸውን ጠጣር ድንጋዮች በጆንያ ቋጥሮ፣ «ለጨሌሽ ይሁኑሽ» እያለ በአውቶቡስ ይልክላት ነበር። ድንጋዮቹ ከላይ ሲታዩ የተቀቀለ ድንች ይመስላሉ። ውበታቸው የሚወጣው ቅርፊታቸው ሲፋቅ ነው።

ይህን መፋቅ ጠሂራ ሙያዋ አደረገችው። ምናለሽ ተራ ሞተር የሚጠግኑት ጋሼ ኃይለመለኮት ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተርና ከወፍራም የፕላስቲክ በርሜል የምትሽከረከር ማሽን ሠሩላት፤ ውስጧንም ጎማ አለበሱላት። ቆይታ ደግሞ ከተዘጋ የብረታ ብረት ቤት የሚንቀጠቀጥ ገንዳ ገዛች። አንደኛዋን «በርሜሏ»፣ ሁለተኛውን «ነዛሪው» ትላቸዋለች።

ሥራው ሁሉ ዕቅድ ነው። በርሜሏ ቀርፋፋ ናት፤ ድንጋዩን በውኃና በሸካራ የሞረድ ዱቄት እያንከባለለች ማዕዘኑን ትበላለች፣ ቅርፅ ታወጣለች። ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ነዛሪው ፈጣን ነው፤ ቅርፁን ሳይነካ ያለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይም ያንጸባርቃል። ስለዚህ በርሜሏ አዲሱን ጭነት ስታኝክ ነዛሪው የቀድሞውን ይጨርሳል፤ ሁለቱም ሥራ ፈትተው አይቆሙም። ጠሂራ ሰኞ ትጭናለች፣ በመሀል ክዳኑን ከፍታ ታያለች፣ ድንጋዩ በደረሰበት አርብ ከጁምዓ በፊት አጥፍታ ታጥባለች። እጥበት ላይ አትቸኩልም። ከሸካራው ዱቄት አንዲት ቅንጣት በድንጋይ ስንጥቅ ተደብቃ ነዛሪው ውስጥ ከገባች የስንት ቀን ልፋት ተጫጭሮ ይወጣል። ጭቃውንም ቱቦ ውስጥ አታፈስም፤ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃልና በባልዲ እያጠራቀመች ታስወጣዋለች። ኦፓልማ ጨርሶ አታስገባም፤ ውኃ ይጠጣና ቀለሙ ይጠፋል።

ይህን ዕቅድ በስልክ እየተከራከረ አብሯት ያወጣው ኢምራን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ ገደሉ ተንዶ ኢምራንን ከነጉድጓዱ ዋጠው። የአገሩ ሰው ቆፍሮ ቆፍሮ ሬሳውን አጣ። በመጨረሻ በሌለበት ተሰገደለት፣ ለቅሶ ተቀመጡለት፣ ጠሂራም እናቷን አጽናንታ ወደ መርካቶዋ ተመለሰች።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ፈርሀት የሚባል ድንጋይ ነጋዴ ከዚያው አገር አንድ ጆንያ ይዞላት መጣ። ፈርሀት ጎልማሳ ነው፤ ከኢምራን በኋላ ድንጋይ የሚያመጣላት እሱ ነበር።

«እትዬ ጠሂራ፣ እንዲህ ያለ አይተው አያውቁም» አላት ጆንያውን እየፈታ።

እውነቱን ነበር። ድንጋዮቹ ሁሉ ከሴት ጡጫ ያነሱ ናቸው። አፈር አልያዛቸውም፤ ትላልቆቹን እያነሳች እርስ በርስ ብታጋጫቸው ስንጥቅ ያለው አንድም አልተገኘም።

«ማን መረጣቸው?» አለችው።

«ማንም። እንዲሁ ተከምረው አገኘኋቸው። ጎርፍ ያወጣቸው ይመስለኛል።»

ጎርፍ ድንጋይ አይመርጥም ልትለው አሰበችና ተወችው።

ሰኞ ጫነቻቸው። በርሜሏን ከግማሽ በላይ ሞላች፣ ውኃውን ከድንጋዮቹ አናት ዝቅ አድርጋ ጨመረች፣ ዱቄቱን ነሰነሰች፣ ክዳኑን አጥብቃ ሞተሩን አስነሳች። በደንብ የተጫነ በርሜል ያንሾካሹካል እንጂ አይጮህም። በዚህኛው ግን ከሹክሹክታው ሥር ሌላ ነገር ነበር። ኳ ኳ ይላል፤ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ኳ።

«አንዱ ድንጋይ ብቻውን እየወደቀ ነው» ብላ አጠፋችው። ከፍታ ብትፈልግ ከሌሎቹ የሚተልቅ ድንጋይ የለም። ክፍተቱን እንዲሞሉ ትናንሽ ጠጠሮች ጨመረችና መልሳ አስነሳችው። ኳ ኳ። ቆየት ብሎ፣ ኳ።

በመሀል ክዳኑን የምትከፍትበት ቀን ደረሰ። ድንጋይ ሲፋተግ ውኃው ለብ ይላል፤ ይህን እጇ ከለመደው ቆይቷል። ያን ቀን እጇን ስትከትት ግን ውኃው ከጉድጓድ የተቀዳ ያህል ቀዝቅዞ ቆዳዋን ቆነጠጣት። ሽታም ነበረው፤ አዲስ የተቆፈረ፣ ፀሐይ ያላየው አፈር ሽታ። አፈር የሌለባቸውን ድንጋዮች ነበር የጫነችው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ክዳኑን ከወትሮው ቶሎ ዘጋችው።

በማግስቱ ዙህር ሰግዳ ስትመለስ ጎረቤቷ ውባንቺ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ውባንቺ ገመድ ጅምላ ሻጭ ናት፤ ክፍሎቻቸውን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቀልድ የምትወድ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ስትሆን ያን ዕለት ግን አልሳቀችም።

«ውስጥ ሰው ትተሽ ነው የሄድሽው?»

«የምን ሰው? ቆልፌ አይደል እንዴ የወጣሁት።»

«እንግዲያው ማነው ግድግዳዬን የሚደበድበው? ‹አቤት› እላለሁ፣ ዝም። ሥራዬን ስጀምር መልሶ ያንኳኳል።»

«በርሜሏ ናት እኮ ውባ። ድምጿ ተበላሽቶብኛል።»

ውባንቺ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «መብራት ከሄደ ቆየ እኮ ጠሂራ። አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ የለም።»

ጠሂራ ቁልፉን ከፍታ ገባች። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከበሩ በሚገባው ግራጫ ብርሃን በርሜሏ በሚያሽከረክሯት ሮለሮች ላይ ተጋድማ ትታያለች። አትንቀሳቀስም። ጠሂራ ጠጋ ብላ መዳፏን ጎኗ ላይ አሳረፈች። ፕላስቲኩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሞተሩም ቀዝቅዟል።

ከመዳፏ ሥር፣ ከውስጥ፣ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተንኳኳ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጊዜ።

እጇን አላነሳችም። ልታነሳ ብትፈልግም እሺ አላላትም። ኢምራን አንድ ጊዜ ሊጠይቃት አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ በዚሁ በር ላይ እንዲሁ አድርጎ አንኳክቶ ነበር። «ይሄ የእኛ ቋንቋ ነው» አላት ከፍታ ስትስመው። «ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው እንዲህ ከመታ ‹ሳቡኝ› ማለቱ ነው።» ያኔ ተሳስቀውበታል።

ውባንቺ ደጃፉ ላይ ቆማ የምትጸልየውን ትጸልያለች። ጠሂራም «ቢስሚላህ» ብላ ክዳኑን ፈታች።

ጭቃውን በወንፊት ላይ ገልብጣ ውኃ አፈሰሰችበት። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ከግራጫው ጭቃ ብቅ ብቅ አሉ፤ ማዕዘናቸው ገና መበላት መጀመሩ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ነገር ቀይ ሆና ታየቻት። አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት። የቀለበት ፈርጥ ናት፤ ቀይ የአቂቅ ድንጋይ። አንድ ጎኗን ሸካራው ዱቄት አደብዝዞታል፤ ሌላው ጎኗ ላይ ግን ሰው የቀረጸው የጨረቃ ምልክት አለ፤ የጨረቃዋ አንድ ጫፍ ትንሽ ተሸርፏል።

ይህን ሽራፊ ታውቀዋለች። ሲቀረጽ የሰበረችው ራሷ ናት፤ ለኢምራን ሠርግ ብላ የሠራችለት ፈርጥ ነው። ከጣቱ አውልቆት አያውቅም ነበር።

ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ውባንቺ ፍርሃቷን ረስታ ገብታ ደገፈቻት። ጠሂራ ስልኳን አውጥታ ፈርሀት ጋ ደወለች።

«ፈርሀት፣ በእናትህ አምላክ ይዤሃለሁ፣ እነዚህን ድንጋዮች የት ነው ያገኘሃቸው?»

ፈርሀት ደንገጥ አለ። «ምነው እትዬ፣ ምን ሆኑ?»

«የት ነው ያገኘሃቸው?»

«ከአሮጌው ናዳ በታች፣ በጀርባ በኩል። ዝናቡ አፈሩን ሸርተት አድርጎት ተሸፍኖ የነበረ አንድ ስንጥቅ ወጥቷል፤ እጅ እንኳ በደንብ አያስገባም። ከስንጥቁ አፍ ሥር ነበር የተከመሩት። ሰው ያስቀመጣቸው ይመስላሉ ብዬ...» ድምፁ ተቋረጠ። የማን ጉድጓድ እዚያ እንደነበር አሁን ነው የታወሰው። «ያ ረቢ» አለ ቀስ ብሎ።

ጠሂራ ድንጋዮቹን በሙሉ አጥባ በዚያው ጆንያ መለሰቻቸው፤ ፈርጧን ደረቷ ውስጥ አሰረቻት። ሁለቱንም ማሽኖች አጠፋች፤ ነዛሪው ውስጥ የነበረው ጭነት ለመንጸባረቅ ትንሽ ነበር የቀረው፤ እንዲያው ተወችው። ቁልፉን ለውባንቺ ሰጥታ በጠዋት ከአውቶቡስ ተራ ተሳፈረች።

ገደሉ ሥር የደረሰችው ጉም በሸፈነው ረፋድ ነው። ፈርሀት የመንደሩን ወንዶች ዶማና አካፋ አስይዞ ጠበቃት። በናዳው ጊዜ ሰዎቹ ሲቆፍሩ የሰነበቱት ከፊት ለፊት፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ነበር። ኢምራን ግን ለማንም ሳይናገር ወደ ጎን፣ ወደ ጀርባው፣ ቀጭን መተላለፊያ ቆፍሮ ኖሯል። ስንጥቁን እያሰፉ ሲገቡ፣ ዶማው በድንጋይ ላይ ሲያርፍ ሁሉም በየተራ ቆም እያሉ ያዳምጣሉ፤ ለምን እንደሚያዳምጡ ግን አንዱም አልጠየቀም።

አገኙት። ከስንጥቁ ወዲያ፣ ግድግዳ ተደግፎ እንደተቀመጠ ነበር። ናዳው እሱ ያለበትን አልነካውም። መዶሻው ከአጥንቱ አጠገብ አለ፤ ግድግዳው ላይ የመዶሻ ምቶች አሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ፣ በጣም ብዙ። በዙሪያው ድንጋይ የሚባል አልቀረም። ያገኘውን ሁሉ፣ አፈሩን ጠርጎ፣ በስንጥቁ የሚያልፈውን እየመረጠ ወደ ውጭ ገፍቶታል። የሚገፋው ሲያልቅበት ፈርጡን ከቀለበቱ ነቅሎ ላከው። ባዶው ቀለበት ጣቱ ላይ ነበር።

ጠሂራ ይህን ከስንጥቁ አፍ ላይ ሆና ስታይ አጠገቧ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትሽ ያኔ ተናግራ ነበር። ‹ከጀርባ በኩል ይንኳኳል› ብላን ነበር። ድንጋይ እየተደላደለ ነው አልናት።»

ጠሂራም ከዝም አሰኚዎቹ አንዷ ነበረች። ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶት ነው ብላ አቅፋ ወደ ቤት ወስዳታለች። እናቷ በዓመቱ ሞተች።

ኢምራንን ዘመዶቹ ቆመው ሰግደውለት ከእናቱ ጎን ቀበሩት። ጠሂራ ጆንያውን ይዛ ሄዳ በርሜሏ የጀመረቻቸውን ድንጋዮች፣ ግማሽ ጎናቸው ለስልሶ ግማሹ ሸካራ እንደሆነ፣ በመቃብሩ ዙሪያ ደረደረቻቸው። ከዚያ ወደ እናቷ መቃብር ዞራ ጎንበስ አለች። ምን እንዳለቻት ማንም አልሰማም።

ስትመለስ ደሴ ላይ አፍራ ቤት አረፈች። አፍራ የኢምራን ልጅ ናት፤ አግብታ የወለደች፣ አራስነት ከቀብሩ ያስቀራት፣ እንደ አባቷ ቁጥብ። ጠሂራ ፈርጧን ከደረቷ ፈትታ ሰጠቻት። ድንጋዮቹ ከስንጥቅ ሥር እንደተገኙ ነገረቻት፤ ከበርሜሏ ስለሰማችው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ለሐዘንተኛ የሚነገር ነገር አልመሰላትም።

አፍራ ፈርጧን መዳፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይሄን ጎኗን ያደበዘዘው ማሽንሽ ነው አክስቴ?»

«አዎ። ከፈለግሽ ይዣት ልሂድና ላስተካክልልሽ። ነዛሪው ውስጥ ብትቆይ ትመለሳለች።»

አፍራ ጣቶቿን አጠፈች። ፈርጧን የያዘ ጡጫዋን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ አወረደችው።

«ተያት» አለች። «አሁን ዝም ብላለች።»

ጠሂራ ቀና ብላ አየቻት። አፍራ ግን ፊቷን አዙራ የልጇን ልብስ ማጣጠፍ ጀምራ ነበር፤ ጠሂራም አልጠየቀቻትም። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች። ነዛሪው ውስጥ ያልተጨረሰ ጭነት አለ፤ በርሜሏም ባዶዋን ናት፤ ሰኞ የሚጫን ድንጋይ መፈለግ ነበረባት።