የሉባባ ባቡር ወደ ኋላ የሄደች ዕለት

ባለፈው ሳምንት የግድግዳው ሰዓት ቆመብኝና ጀርባውን ብከፍተው፣ ውስጡ የከረመው የባትሪ ድንጋይ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ፣ ያ ምላስ የሚቆነጥጥ ሽታው አፍንጫዬን ቢመታኝ፣ ሰዓቱን ረስቼ ወረታ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ጎረቤታችን አያ ይማም የሚባሉ ባለሱቅ ነበሩ፣ የጓደኛዬ የሉባባ አባት። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ላምባና ቅመም በሚሸተው ሱቃቸው፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ከዚያ ጆንያ ከተባረርኩ ንባቤ እዚያው አበቃ ማለት ነበር።

የሉባባ አጎት ከአስመራ በጭነት መኪና ሲመጣ፣ በሁለት ድንጋይ የምትሄድ ቀይ የቆርቆሮ ባቡር አምጥቶላት ነበር። አገራችን ፎገራ ባቡር የት አይቶ! ገበያተኛው ሁሉ እሷን ለማየት ሱቁ ደጃፍ ይጋፋ ነበር። ሉባባ ከእናቷ ጋር ይፋግ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ «አደራሽን፣ ቅዳሜ አጎቴ ሲመጣ ስትሄድ ማየት ይፈልጋል» ብላ ባቡሯን ለእኔ ሰጠችኝ።

ዓርብ ዕለት ባቡሯ ደከመች። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ እንደሚሞቅ በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ የአባቴን የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ሁልጊዜ የማሰጣም እኔው ነበርኩ። የክረምቱ ደመና ገለጥ ሲል አውጥቼ አሰጣኋቸው፣ ትኩስ ሲሉልኝ መለስኳቸውና ብለቃት፣ ባቡሪቱ በጀርባዋ ተንደርድራ ከጋኑ ጋር ተላተመች። ፊቷን ወደ ጋኑ አዞርኩት፤ በጀርባዋ ወደ በሩ ወጣች። መንኮራኩሯን የኑግ ዘይት ቀባሁት፤ ይባስ ብላ ፈጠነች። ስፌት የያዘችው እናቴ ቀና ብላ፣

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እንዲህ ይሆናል ባቡር የሚሄድ፤ ማን አይቶታል?» አለችኝ።

ለአጎትየው ይህንኑ ልነግረው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን እሱ ባቡር ካለበት አገር ነው የሚመጣው።

ቅዳሜ ጧት ባቡሯን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሱቅ ሄድኩና «አያ ይማም፣ ገደልኳት» ብዬ ልቅሶዬን ለቀቅሁት። እሳቸው ሚዛኑን አስቀምጠው፣ የባቡሯን ሆድ ከፍተው አዩ።

«ድንጋዩን እንዴት አድርገሽ ከተትሽው?»

«እንደ አባባ ባትሪ።»

«ኧረግ! የእጅ ባትሪ አምፖል ድንጋዩን በየትም ብትከቺው ይበራልሻል። ይች ግን ፊትና ኋላ ታውቃለች።» ሁለቱንም ገልብጠው መለሷቸውና ባንኮኒው ላይ ቢለቋት፣ ቀጥ ብላ ወደ ፊት! እኔ እፎይ ስል እሳቸው ጎንበስ ብለው «ለሉባባ እንዳትነግሪ፣ እኔም እንዲሁ አድርጌ ሦስት ቀን ደብቄያታለሁ» አሉኝ፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «በይ ነይ፣ ጋዜጣሽን ጨርሽ።»

ዛሬ ሱቁ ፈርሶ ባጃጆች ይቆሙበታል፤ አያ ይማምም ካለፉ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ጥፋቴን ይዤ ብዙ ሰው ፊት ቆሜያለሁ፤ ከመቆጣቱ በፊት እንዴት እንዳደረግሁት የጠየቀኝ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።