ድስት ሙሉ ጠብታ

እናቴ ሃጀር ውሃ ሲፈስ አይታ አታልፍም፤ ወሎ እንስራ አዝላ ነው ያደገችው። እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሊንደን ያለው ቤታችን ማሞቂያው፣ ሂተሩ፣ የተበላሸ ቀን አከራዩ ኮል አድርጎ፣ «ቧንቧው በረዶ ሠርቶ እንዳይፈነዳ በትንሹ እያንጠባጠበ ይደር» አለን።

«ወላሂ ውሃ አልደፋም!» አለች። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን እኔ ከፈትኩት፤ እሷ ከሥሩ ድስት ደቀነች። ድስቱ ሲሞላ ባልዲ፣ ባልዲው ሲሞላ የልጆቼን መታጠቢያ ሳፋ። ጠዋት ኩሽናው መረገጫ አጥቶ ሳየው ነደደኝ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ዶሪስ ናት፤ የእሷ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ተዘግቶባታል። እናቴ ትልቁን ድስት ምድጃ ላይ ጥዳ ለብ አደረገችውና አሸከመችኝ። ከዚያ ሴትዮዋ በማትሰማው አማርኛ፣ «እንኪ እህቴ፣ አላህ የመደበልሽን ሪዝቅ ነው ስጠብቅልሽ ያደርኩት» አለቻት።