የማር መልክ ያለው እጀታ

የልጅ ልጆቼ ሣጥኔን ሲበረብሩ ሰንጢዎቼን አገኟቸው። «እማማ፣ ይሄ ሁሉ ሰንጢ ምን ያደርግልዎታል? ሽፍታ ነበሩ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ይንገሩን፣ ይጻፉልን እያሉ መቀመጫ አሳጡኝ። እኔ የተማሪ ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል ያወቅሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ምስር እየለቀምኩ ነው። እንግዲህ ወሬዬ ከመንገድ ቢወጣ ታገሡኝ፤ መመለሱ አይቀርም።

ዘመኑ ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘበት ነው። ክፉውን ነገር ሌሎች ነግረዋችኋል፣ እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ግን ገና ጥርሴ የሚነቀል ልጅ ነበርኩና ልቤ ያለው ሰንጢ ላይ ነበር። ቤታችን ልደታ ማርያም አጠገብ ነው። አባቴ ሰንጋ ተራ የከብት ደላላ ነበር፤ እኔም እዚያው በበሬ ጭራ እየተገረፍኩ ቆሎ እሸጣለሁ።

የከብት ነጋዴ ኪሱ ሰንጢ አያጣም። ገመድ ይቆርጥበታል፣ እሾህ ያወጣበታል፣ ጥርሱን ይጎረጉርበታል። ስለቱ ከተሰበረ ግን ማን ይፈልገዋል? እኔ! አንድ እፍኝ ቆሎ እሰጥና እወስደዋለሁ። ወሬው ለመንገድ ሥራ የመጡት ጣሊያኖች ዘንድ ደረሰና እነሱም የተሰበረ ሰንጢ እያመጡ ቆሎዬን እንደ ፈረስ ያደቁት ጀመር።

እኔ የምወደው እጀታውን ነው። ስለት ሁሉ ያው ብረት ነው፤ እጀታ ግን ዘር አለው። ሰፌድ ላይ በየዘሩ እደረድራቸው ነበር፤ ወይራውን ከወይራ፣ ናሱን ከናስ፣ አጥንቱን ከአጥንት። የቀንዱ ረድፍ ከሁሉ ይረዝማል። ምንነቱ ያልታወቀ ሲመጣም መለያ አላጣሁም። ቀንድ በቀሚሴ ጫፍ አጥብቄ ሳሸው የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። አጥንት ምላስ ያዝ ያደርጋል። ናስ ይጎመዝዛል። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ይህን ስታይ ታማትባለች።

«ይቺን ልጅ ተመልከቱልኝ! የሰው ልጅ ማር ይልሳል፣ የኛዋ ሰንጢ ትልሳለች። ምላስሽን የቆረጥሽ ዕለት ማን ያገባሻል?»

«ምላስ የሌላት ሚስት ከየት ትገኛለችና?» ይላል አባቴ። «ይሻሙባታል እንጂ!»

ከሁሉ የምሳሳለት ስለቱ ያልተሰበረው አንዱ ሰንጢዬ ነበር። አባቴ ለጥምቀት የሰጠኝ ነው። እጀታው ጥቁር ቀንድ፣ ጫፉ ብቻ እንደ ጥፍር ነጣ ያለ። እሱን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው።

ታዲያ እናቴ ወንድሜን ወለደች። አራስ ቤት ደግሞ ከራስጌ ብረት አይጠፋም፤ ክፉ መንፈስ እናትና ልጁን እንዳይነካ ነው። አያቴ የቤቱን ቢላዋ ለሽንኩርቱ ስለፈለገችው «እስኪ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ አውሺኝ» ብላ ጥቁሩን ሰንጢዬን እናቴ ትራስ ሥር አኖረችው።

በዚያው ሰሞን ፍተሻ መጣ። መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ይበረብራሉ፣ ስለት ያለው ነገር ሁሉ ይወሰዳል ተባለ። አባቴ ሰፌዴን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄን ሁሉ ሰንጢ ቢያገኙት ምን ልንል ነው? የልጅ መጫወቻ ነው ብንል ማን ያምነናል? ሽንት ቤት ነው የምጨምረው!»

ጩኸቴን አቀለጥኩት። አያቴ ሰፌዱን ከእጁ ነጥቃ እናቴ መኝታ ሥር ሸጎጠችው። «የአራስ መኝታ የሚበረብር ወንድ ከየት ይመጣል?» አለች።

መጣ እንጂ! በማግስቱ ጠዋት አንድ ወፍራም ሪዛም ጣሊያን ከአስተርጓሚው ጋር ገባ። ሣጥኑን ፈተሸ፣ ጎታውን ፈተሸ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሰፌዴን ጎተተው። ከትራሱ ሥር ብቅ ያለውንም የጥቁሩን እጀታ አየና አምጪ ብሎ ለአያቴ እጁን ዘረጋላት።

አያቴ ሰንጢውን አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠችለት። ስለት እጅ በእጅ አይሰጥም፣ ያጣላላ! ሰጪው ያስቀምጣል፣ ተቀባዩ ያነሣል። ይህን ለጣሊያን ማን ይንገረው? የናቀችው መሰለው። በጣቱ ወደ መሬቱ፣ ቀጥሎ ወደ መዳፉ አመለከታት። እሷም አነሣችና ቀስ ብላ ጫማው አጠገብ መልሳ አስቀመጠችው። ሰውዬው በርበሬ መሰለ።

«እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ በእጁ ይስጡት!» አለ አስተርጓሚው፣ ላብ አጥምቆት።

«አልሰጥም። በእጄ ከሰጠሁት እንጣላለን በልልኝ። እኔ ከሰው መጣላት አልወድም።»

ነገረው። ጣሊያኑ አንገቱን ነቀነቀና መለሰ። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከዚህ የባሰ ምን ጠብ አለ ነው የሚለው» አለ።

«እሱማ የመንግሥታቱ ጠብ ነው» አለች አያቴ። «እኔና እሱ ገና አልተጣላንም።»

ይህ ሲነገረው ሆዱ እስኪናወጥ ሳቀ። ከሰፌዱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሰንጢዎቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው፤ ሁሉም ጥርስ አልባ። አደራደሩን አየና የማን ሥራ እንደሆነ አስጠየቀ። ወደ እኔ ጠቆሙኝ። እሱም ከኪሱ የራሱን ሰንጢ አወጣና እንደ አያቴ አድርጎ መሬት አስቀመጠልኝ። ይሄስ የት ይሰለፋል? ነው ነገሩ።

እጀታው የማር መልክ አለው፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት ያሳልፋል። ባሸው ትምባሆ ብቻ ሸተተኝ። ላስኩት፤ ምላሴን አልያዘም፣ አልጎመዘዘም። ሰውዬው አሁንም ሳቀ። ሰፌዱ ላይ ቦታ አጣሁለት።

ይህን ጊዜ ጥቁሩን ሰንጢዬን አነሣና በአውራ ጣቱ ደባበሰው፤ ወደ ራሱ ሰንጢ አመለከተኝ። እንለዋወጥ ማለቱ ነው። ጥቁሬን! አባቴን በዓይኔ ብለምነው በዓይኑ «እሺ በይ» አለኝ። ሰፌዱን ዞር ብዬ አየሁት፤ እሱ እንዲተርፍልኝ እሺ አልኩ። ሰውዬው ጥቁሩን ኪሱ ከተተ፣ ሰፌዴን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገና ወጣ።

አያቴ ወዲያው የማሩን ሰንጢ እናቴ ትራስ ሥር አደረገችው።

«የጣሊያን ብረት ደግሞ ይሠራል?» አለች እናቴ።

«እንዴታ! ሰይጣንም ቢሆን ጣሊያን ቀድሞት የገባበት ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣል?»

ወንድሜ በደህና ክርስትና ተነሣ። ያ ሕፃን ከልጆቹ ጋር የሚጨቃጨቀው አጎታችሁ ነው። እኔ ጥቁሩን እያሰብኩ ብዙ ጊዜ አለቅስ ነበር። የማሩን ሰንጢ ግን ለብቻው ረድፍ ሰጠሁትና ለሰፈር ልጆች የባሕር አውሬ ጥርስ ነው እላቸው ነበር። እኔም ሳላውቀው አመንኩት።

ጣሊያን ወጥቶ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ አንድ ቀን አብነት ሰፈር ስሄድ ከቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አየሁ። ሰንጢውን አሳየኋቸው። የትምባሆው እድፍ እስኪለቅ በሙቅ ውሃና በአመድ አጠቡት፣ በጨርቅ እሽት እሽት አደረጉና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት። የተቃጠለ ጠጉር!

«ልጄ፣ ነጭ ቀንድ ተቀቅሎ ሲሳሳ እንዲህ ማር ይመስላል» አሉኝ። «ይሄ የበሬ ቀንድ ነው።»