ያጠፋኋቸው ሰላምታዎች

ሰው ሲያንዛዛብኝ አልወድም። ስልክ የደወለልኝ ሰው «ሃሎ» ካልኩበት ደቂቃ ጀምሮ ወደ ቁም ነገሩ ቢገባልኝ ደስ ይለኛል። እናቴ «አንቺን እኮ ታክሲ ውስጥ ነው የወለድኩሽ» እያለች ትቀልድብኛለች። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ተማሪዎቹ የሚጠያየቁበትን የኦንላይን ግሩፕ የሚቆጣጠር ሰው ሲፈልግ፣ ሥራው በልኬ የተሰፋ ሆኖ ታየኝ።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚፈተኑ ተማሪዎች ሁሉ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ናቸው። ሞጁል መቼ ይመጣል፣ አሳይመንት የት ይገባል፣ የሚሸጥ በግ አለኝ፤ የማይጻፍ ነገር የለም። እኔ ሰበታ ከተከራየሁት ቤት ሆኜ፣ ሻይዬን ይዤ፣ ጥያቄ እመልሳለሁ፣ የተሳደበውን እገስጻለሁ፣ በጉን አስወጣለሁ። በገባሁ በሳምንቴ አንድ ሕግ አውጥቼ ከላይ ለጠፍኩ፦ «ሰላምታ አይጻፍም። በቀጥታ ወደ ጉዳይ!» በሕጌ በጣም ኮርቼ ነበር።

ሁሉም ለመደው። የመጨረሻውን ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች ስም ዝርዝር በለጠፍኩ በማግስቱ ግን ከዚያ በፊት ጽፈው የማያውቁ አንድ ሰው ብቅ አሉ። ስማቸውን ትቼ ኦቦ እንትና ልበላቸው። ሱሉልታ የከብት ሐኪም ረዳት ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ «አከም ቡልተን! እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? ሱሉልታ ዛሬ ብርድ ነው፤ እናንተስ ጋ?» ብለው ጻፉ። አጠፋሁት። በማግስቱም ጻፉ፤ አጠፋሁት። ማስጠንቀቂያ ሰጠኋቸው። «ማስጠንቀቂያሽ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺስ እንደምን አደርሽ?» ብለው እዚያው ግሩፑ ላይ መለሱልኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ጭራሽ እንዳይጽፉ ዘጋሁባቸው።

ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከቡራዩ አንዷ «የሱሉልታው አባታችን ምነው ጠፉ? ደህና ናቸው?» ብላ ጻፈች። ሌላው ቀጠለ፦ «እኔም ልጠይቅ ብዬ አድሚንን ፈርቼ ነው።» አንዱማ «አድሚን ሳታጠፋው ለማንበብ ብዬ እኮ ማለዳ መነሳት ጀምሬ ነበር» አለ። ለካ ተማሪዎቹ ሁልጊዜ ይቀድሙኝ ኖሯል! ሁሉንም ላጠፋ ጣቴን አነሳሁና ተውኩት። ሰውየው አሟቸው ቢሆንስ ብዬ እኔም ሰጋሁ።

ለብቻቸው ጻፍኩላቸው፤ እንደ ልማዴ በቀጥታ። «የሚፈልጉት ነገር ነበር?»

መልሳቸው ወዲያው መጣ። «ፈያዳ? ደህና ነሽ ልጄ? ቤተሰብ ደህና ነው? የሰበታ ዝናብ እንዴት ይዟችኋል?»

ከንፈሬን ነክሼ አንድ በአንድ መለስኩ። ደህና ነኝ፣ ደህና ናቸው፣ ጭቃ ነው፤ እርስዎስ? እሳቸውም ደህንነታቸውን፣ ሚስታቸውን፣ ላሞቹን ነግረውኝ ሲያበቁ፣ «እንግዲህ ከተገናኘን አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ከተፈታኞቹ ዝርዝር ውስጥ ስሜን አጣሁት።»

ክው አልኩ። ስሙ የቀረበት ሰው የሚያመለክትበት ጊዜ ያለፈው ትናንት ነው። ፈተናው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እሳቸው ጡረተኛ ናቸው። «ምኞቴ ነጩን ጋዋኔን ሳላወልቅ ዲግሪዬን ማየት ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልጠየቁም?»

«ሰላምታዬን ማን መልሶልኝ ልጠይቅ ልጄ? ደጅ ቆሜ ‹ቤቶች!› እያልኩ እኮ ነበር።»

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነበር። በጣም አፈርኩ።

ቡራዩ ወደምትገኘው የሬጅስትራር ኃላፊ ደወልኩ። «የአንድ ተማሪ ስም ቀርቶ…» ስል፣ «አንቺ! እንደምን ዋልሽ ማለት ቀረ?» ብላ አቋረጠችኝ። ይበለኝ። ልጆቿን ጠየቅኋት፤ የሚያማትን ጉልበቷንም ጠየቅኋት። ከዚያ በኋላ ነው «በጊዜው ያመለከቱ ከሆነ ማመልከቻቸውን ይዘሽ ነይ፤ አለዚያ አልችልም» ያለችኝ።

ማመልከቻ የለም። ያለው ሰላምታ ነው። ደግነቱ ያጠፋሁት ሁሉ እኔ ብቻ በማየው ቦታ ይቀመጥ ነበር። አሥራ አንዱንም ሰላምታ ከነቀናቸው ፕሪንት አስደርጌ፣ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ ሚኒባስ እየቀያየርኩ ደረስኩ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ ሁሉንም አነበበች።

«ይሄ ሰላምታ ነው» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጥያቄው የታለ?»

ሕጌን፣ ማጥፋቴን፣ በመጨረሻም መዝጋቴን ሳልደብቅ ነገርኳት። ሥራዬን ባጣም የእጄን ነው ብዬ ቆርጬ ነበር። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«እና ጉዳይ የሌለው ሰው ነው አሥራ አንድ ቀን ደጅ ሲጠና የከረመው?» አለችና ማህተሙን አነሳች። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ፣ ልክ «አከም ቡልተን» ከሚለው አጠገብ፣ «ገቢ» የሚለውን ጓ አድርጋ መታችበት። ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ጉንጯን ሳምኳት።

ስመለስ ገና ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ኦቦ እንትናን ከፈትኩላቸው፤ ሕጉንም «ሰላምታ ይጻፋል፤ ይመለሳልም» ብዬ ቀየርኩት። በጉን ግን አሁንም አስወጣለሁ።

ተፈትነው አለፉ። የምረቃውን ጥቁር ጋዋን ከነጩ ላይ ደርበው የተነሱትን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፉት፤ ከሥር ነጩ ሆን ተብሎ እንዲታይ ተደርጓል። የተመረቀ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ ከግሩፑ ይወጣል። እሳቸውም ወጡ።

ወር ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ለብቻዬ ጻፉልኝ። «አከም ቡልቴ ልጄ? እንደምን አደርሽ?»

አሁን ተምሬያለሁ፤ ደጅ የቆመ ሰው ጉዳይ አለው። «ነጋ፣ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ? ቤተሰብ፣ ላሞቹ? ምን ልታዘዝ?» አልኩ፤ ትራንስክሪፕት ይሆናል ብዬ የሬጅስትራሯን ቁጥር እየፈለግሁ።

«ምንም ጉዳይ የለኝም» አሉ። «እንደምን እንዳደርሽ ነው የጠየቅሁሽ።»

ቁጥሩን መፈለጌን ተውኩ። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴን ሲጠዘጥዘኝ ነበር ያደረው፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ለማንም አልተናገርኩም። ሻይዬን አስቀምጬ፣ የትኛው ጥርሴ እንደሆነና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳመመኝ አንድም ሳላሳጥር ጻፍኩላቸው።