የደሴቷ ጠሪ

ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ወለል የምትወለውለውን አኬሎን የሚያውቅ ሁሉ ስለ እሷ የሚለው አንድ ነው፤ ስታወራ ድምፅዋ አይሰማም። አብራት የምታጸዳው፣ ከአቦቦ የመጣችው ቦጋለች፣ እማማ አኬሎ እንዲህ ቀስ ብለው የሚናገሩት ጨዋ ስለሆኑ ነው ትላለች። አኬሎም ፈገግ ብላ መወልወያዋን ትጨምቃለች። ቦጋለች ምን ታድርግ፤ የደሴቷን አኬሎ አላየችም።

ደሴቷ ከማታር ከተማ ወደ ላይ፣ ባሮ ለሁለት ተከፍሎ መልሶ ከመግጠሙ በፊት ያቀፋት ትንሽ መሬት ናት። በቆሎ ይዘራባታል፣ ዓሣ ይጠመድባታል፣ ነዋሪው ሁሉ ዘመድ ነው። ኔትወርክ የሚባል ነገር ስለሌለ የመጣ ሰው ከማዶ ቆሞ ስሙን ይጣራል፤ ከደሴቷ ደግሞ "ሰምቻለሁ" ብሎ ታንኳ የሚልክለት ጠሪ አለ። የጠራን ሰው መልስ መንሳት ነውር ነው፣ ጠላት እንኳ ቢሆን። ይህን ሥራ አኬሎ ከእናቷ ወርሳዋለች። ድምፅዋ ከማዶ ዛፍ ላይ ወፍ ያስነሳል ይባል ነበር። ትኮራበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጥጋብም ነበረባት።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከድንበር ማዶ የመጡ ወንበዴዎች ሁለት ሕፃናት ከበቆሎ ማሳ ነጥቀው ሄዱ። ደሴቷ ነደደች። ኦቻን የሚባል፣ አንድ ሰሞን ወታደር ቤት የቆየ ጎልማሳ፣ ወንዶቹን ማንጎ ሥር ሰብስቦ ጦርነቱን ከምሳ እስከ እራት ባለው ጊዜ አቅዶ ጨረሰው። ታንኳ የተባለ ሁሉ ይነሳል፣ ወንዙ ቁልቁል ይወስደናል፣ ልጆቹን ይዘን እንመለሳለን። ይኸው ነው። ወንበዴዎቹ የት እንደሰፈሩ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቀም የለም።

ሽማግሌው ኦቻላ ብቻ ተነሣ። "መሄዱንስ ወንዙ ይወስዳችኋል፤ ሲሞላ ሽቅብ ማን ይገፋችኋል? ለምንቀረውስ አንድ ታንኳ አትተዉልንም?" አለ።

ወንዶቹ ወደ ወንዙ ዞረው አዩ። ትንሽ ቢያዩት ኖሮ ምናልባት አንዱ ልብ ይገዛ ነበር። ፋታ አልሰጠቻቸውም አኬሎ። ልጇ ኦባንግ ከዘማቾቹ አንዱ ነውና ፈሪ እንዲባልባት አልፈለገችም። "አባባ ኦቻላ፣ ከፈሩ ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ይቀመጡ" ብላ በዚያ ድምፅዋ ለቀቀችው። ደሴቷ በሙሉ ሳቀች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ። ኦቻላ ዱላውን ይዞ ወደ ጎጆው ገባ። በማግሥቱ ታንኳዎቹ ሁሉ ሄዱ፤ የኦባንግ ሚስት አጅዋንግ፣ ወሯ የገባ እርጉዝ፣ ከዳር ቆማ ሸኘችው።

ዝናቡ ደጋው ላይ ቀድሞ ጣለና ባሮ ሞላ። ከሄዱት የተመለሰ የለም። አጅዋንግን ምጥ ያዛት፤ ልጁ በጎኑ መጣ። አዋላጆቹ የሚችሉትን ሁሉ አድርገው ሲያቅታቸው ጤና ጣቢያ ትሂድ አሉ። በምን? ጤና ጣቢያው ከማዶ ነው። አኬሎ ውሃው ዳር ቆማ ተጣራች። ከማታር የሚያልፍ ነጋዴ በጀልባው ቢሰማት፣ ከብት የሚያጠጣ ሰው ቢሰማት። ውላ ተጣራች፣ አድራ ተጣራች። የሞላ ወንዝ ግን የሰው ድምፅ ይውጣል። በመጨረሻ አፏ ይከፈታል እንጂ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ወደ ጎጆው ስትመለስ አጅዋንግም ልጇም አልቀዋል። እንደ እናት ጮኻ ልታለቅስላቸው እንኳ አልቻለችም።

ተቀብረው ጥቂት እንደቆየ ከማዶ ሰው ተጣራ። ኦባንግ ነው፤ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ በእግሩ፣ ብቻውን። ኋላ እንደተናገረው፣ ታንኳዎቹ ገና ከወንዙ ዳር ቄጠማ ሳይጠጉ ተተኩሶባቸው ኦቻንም ሌሎቹም እዚያው ቀሩ፤ ሕፃናቱን ያየ የለም። ያን ጊዜ ግን ይህን አላወራም። ሥርዓቱን ጠብቆ "ኦባንግ ነኝ፤ ታንኳ ላኩልኝ" አለ፣ ታንኳዎቹን ራሱ ይዞ እንዳልሄደ። ቀጥሎም፣

"እማዬ፣ አጅዋንግ ወለደች?"

ሴቶቹ ሁሉ ጠሪዋን አዩ። እናቱ ቆማ እያለች የሚስቱን ሞት ማን አፍ አውጥቶ ይንገረው? አኬሎ አፏን ከፈተች፤ ምንም። ኦቻላ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ቢሰድባት በተሻላት። እስከ ደረቷ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ባዶ እጆቿን ወደ ልጇ ዘረጋች፣ ከዚያ ሁለቱንም አናቷ ላይ ጫነቻቸው።

ኦባንግ ቆሞ አየና ባለበት ተቀመጠ። አኬሎ ስትጣራላት የነበረችው የነጋዴ ጀልባ ዘግይታ መጥታ እስክታሻግረው ድረስ፣ እሱ በዚያ ዳር፣ እናቱ በዚህ ዳር ተቀምጠው ሲተያዩ ሰነበቱ።

ድምፅዋ ከዚያ ወዲህ በግማሹ ነው የተመለሰው፤ ጠሪነቱን ትታ ጋምቤላ ገባች። ዛሬ ቦጋለች ከአዳራሹ ማዶ "እማማ አኬሎ" ብላ ስትጠራት ከሩቅ አትመልስም። መወልወያዋን ግድግዳ ላይ ታስደግፋለች፣ ያንን ሰፊ ወለል ተሻግራ አጠገቧ ትደርሳለች፣ ከዚያ በኋላ ነው "ሰምቻለሁ" የምትላት።