ጠፍ ብዬ የጻፍሁት ሣር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በጅቡቲ ከተማ በአንድ የፈረንሳይ መንግሥት ቢሮ በአስተርጓሚነት ሳገለግል ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አላወራሁትም። የማልረሳው፣ በሥራ ዘመኔ የራሴን ቃል በአለቃዬ ፊት የተናገርሁበት ብቸኛው ቀን ስለ ሆነ ነው።

በዚያ ዓመት ከከተማው ወጣ ብሎ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ያለው የመንግሥት መሬት ተራቁቶ ነበር። አቧራው የአካባቢውን አትክልት ያለብሰዋል፤ ጎርፍ ሲመጣም ዳርቻውን ይንደዋል። አለቃዬ ፈረንሳዊው ሹም ምክንያቱን መርምሬ እንድጽፍ አዘዘኝ።

ሁለት ቀን ዞርሁ። ከወንዙ ወዲህ፣ በባቡር ሐዲዱ በኩል፣ መሬቱ ዱቄት ሆኗል። ከወንዙ ማዶ ግን ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ሣር አለ፤ አንድም ከብት አይታይበትም። ስለዚህ፣ መሬቱን ያጠፉት እዚያ የሰፈሩት የሶማሌ ዘላኖች ፍየሎች ስለ ሆኑ ዘላኖቹ ይነሡ፤ ማዶ ያለው ሣር ጠፍ ነውና ወደ ኤደን ወደብ የሚጫኑት የነጋዴ በጎች መርከብ እስኪመጣ ይሰማሩበት ብዬ ጻፍሁ።

ሹሙም ጽሑፌን ትእዛዝ አደረገው፤ ለዘላኖቹም ልናነብላቸው አብረን ሄድን። በሶማልኛ አንብቤ ስጨርስ ሐሊማ የምትባል ባልቴት በትሯን ይዛ ቀረበችኝ።

«አንተ ሐበሻ፣ ይህን ያለው ማን ነው?»

«ወረቀቱ ነው፣ ኤዶ» አልኋት፤ በቋንቋቸው አክስቴ ማለት ነው።

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?»

ወረቀቱን ለሹሙ መለስሁለት።

«የጻፈው ሰው ዓይን አልነበረውም። ና!»

ከበውን የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ወደ ተራቆተው መሬት ወሰደችን።

«እዚህ የነጋዴው በጎች ከጨረቃ እስከ ጨረቃ መርከብ ሲጠብቁ ቆሙ። የእኛ ፍየሎች ሦስት ቀን በልተው ያልፋሉ። በውኃ ጉድጓዱ አፍ ያለውን ቡቃያ ግን የጨረሱት የእኔ ናቸው፤ አልዋሽህም።»

ቀጥላም የማዶውን ሣር በበትሯ አሳየችን። «ይህን የከለከልነው እኛ ነን። ዘሩን እስኪጥል ማንም አይገባበትም። ያስገባ ሰው ፍየሉ ይታረድበታል። አምና የታረደችው የእኔ ነበረች፤ ደግነቱ ከሥጋዋ አልነፈጉኝም። ይህን ከወሰዳችሁብን በሐሩሩ ወራት ፍየሎቼ ምን ይብሉ? ወረቀትህን?»

በተወለድሁበት አገርም ሣር ተከልሎ እስከ መስቀል ይጠበቃል። ይህን እያወቅሁ፣ በሥርዓት የተጠበቀውን ሣር ባለቤት የሌለው አድርጌው ነበር።

ሹሙ «ምን ትላለች?» አለኝ። ሁሉንም ተረጐምሁለት። ከዚያም፣ «ጌታዬ፣ የሚቀጥለው የራሴ ቃል ነው። ጽሑፉ ስሕተት ነው፤ የተሳሳትሁትም እኔ ነኝ» አልሁ።

«አስተርጓሚ ነህ ወይስ ጠበቃቸው?»

«ጸሐፊው ነኝ።»

ፊቱ ቀላ፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሐሊማ ፈረንሳይኛ ባታውቅም ወረቀቱ ወዴት እንደ ገባ አየች፤ ፍየሎቿንም ነድታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ትእዛዙ ተለወጠ። ዘላኖቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ሣሩም አልተነካም። የነጋዴዎቹ በጎች በባሕሩ ዳር ታስረው ድርቆሽ እንዲቀርብላቸው፣ ፍየሎቹም ከጉድጓዱ አፍ እንዲርቁ ተወሰነ። እኔን ግን ሹሙ ከዚያ ወዲህ ከቢሮ ውጭ ይዞኝ ወጥቶ አያውቅም።

በመናገሬ አንድም ቀን አልተጸጸትሁም፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እደግመዋለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ቋንቋቸውን እያወቅሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በመካከላቸው ስዞር ወተታቸውን ጠጣሁ እንጂ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኋቸውም።