ለሁለት የተከፈለው ቅባት

ልብስ ሰፊው ጤናው ሲጠየቅ የሚያወራው ስለ ቀኝ እግሩ ብቻ ነበር። የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ የሚበላውም የሚለብሰውም ከዚያ እግር ነው የሚወጣው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የወጣው ቁስል ደግሞ አልድን ብሎ ከርሟል። አንድ ቀን ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ አየና፣ ቁስሉ ወደ አጥንት ከዘለቀ እግሩ እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችል ነገረው። ከዚያ ወዲህ ሰው እያጫወተው እንኳ ሐሳቡ ፔዳሉ ላይ ነው።

ሆስፒታሉ ያን ሰሞን ሁለት የቁስል ቅባቶችን የሚያወዳድር ጥናት ጀምሮ ነበር፤ አንዱ ድሮም የነበረ፣ ሌላው አዲስ። የጥናቱን ቁጥር የምትይዘው ወጣት ሴት ስታቲስቲክስ የተማረች ናት። በሽተኞቹ ግን የሙያው ስም ምላሳቸውን ስላሰረው “ባለቁጥሯ” ብለው ተገላገሉ። እሷም ቁጭ አድርጋ አስረዳቻቸው፦ ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚወስነው ዕጣ ነው፤ ቱቦዎቹ ከላያቸው ካለው ቁጥር በቀር አንድ ናቸው፤ ሐኪሙም ነርሷም እሷ ራሷም ጥናቱ እስኪያልቅ አያውቁም።

ልብስ ሰፊው ለምን ዕጣ ሲል ጠየቀ፤ ለባሰበት ሰው አዲሱ ቢሰጥ ምን አለበት? እሷም፣ ሐኪሙ ለሚያሳዝኑት ብቻ አዲሱን ከሰጠ ክፉኛ የታመሙት ሁሉ በአንድ ወገን ይከማቻሉ፣ ያኔ ቅባቱ ደካማ ይሁን ሕመሙ ብርቱ መለየት አይቻልም አለችው። ይሄ ወዲያው ገባው። ሁለት ክር ላወዳድር ያለ ሰው አንዱን በሐር፣ ሌላውን በጂንስ ላይ አይሰፋም። ፈረመና ቱቦውን ይዞ ወጣ።

ቀጠሮው ላይ አብረውት አግዳሚ ወንበር የሚጋሩት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ቀስ ብለው ስለነዱ ተሳፋሪ ሁሉ “ፍሬን” ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል። የእሳቸው ቁስል ሳምንት በሳምንት ጠርዙ እየተሰበሰበ ሲሄድ የልብስ ሰፊው ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ፍሬን የሁለቱን እግር አየት አየት አደረጉና፣ አዲሱ የደረሰው ለእኔ ነው ብለው ፈረዱ። ልብስ ሰፊውም አመነ፤ ማንም ቢያይ ያንኑ ነበር የሚለው። እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ዓይኑን ወደ ራሱ ፋሻ መለሰ።

ሽማግሌው ይህን አዩና አንጀታቸው አልችል አለ።

“እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ እግሬ ቢዘገይ የሚጠብቀኝ አውቶቡስ የለም። አንተ ግን ፔዳል አለህ። ነገ ዕቃ ይዘህ ቤት ና” አሉት።

በማግስቱ አዝራር የሚያስቀምጥበትን ትንሽ ቆርቆሮ አጥቦ ሄደ። ጋሼ ፍሬን የእሳቸውን ቅባት ግማሹን ጨምቀው ሞሉለት፤ እሱም በምትኩ ከራሱ ቱቦ ቀነሰላቸው። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ እየተገናኙ፣ እግራቸውን አንድ ዱካ ላይ ሰቅለው፣ ቅባቱን እየቀቡ ወሬ ይሰልቁ ጀመር። ሚስቱ ሌላ ትዳር መሠረትክ ወይ እያለች ታሾፍበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ የእሱም ቁስል ይሰበሰብ ጀመር። ቤቱ ውስጥ ሳቅ ተመለሰ።

ታዲያ አንድ የቀጠሮ ቀን ባለቁጥሯ ወደ አግዳሚው መጥታ ሁሉንም አመሰገነች። እናንተ ዕጣችሁን ይዛችሁ ስለጸናችሁ ነው ነገ ሌላው በሽተኛ የሚበጀውን የሚያውቀው አለቻቸው። ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። የሰፋውን እያደር የሚፈታ ሰው የሆነ መሰለው። እንዳይነግራት እሱ ብቻ ሳይሆን ቸርነት የሠሩት ሽማግሌም ከጥናቱ ሊባረሩ ነው። እንዳይተው ደግሞ ያልተገባውን ምስጋና ተቀብሏል። ሚስቱ ሴትዮዋ እንደሆነች አትበላህ፣ ሂድና ንገራት አለችው። ጋሼ ፍሬንም ሲሰሙ አንገታቸውን ነቀነቁና አብረውት ገቡ።

ባለቁጥሯ ሰምታ ስትጨርስ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቃ መዘገበች።

“አላባርራችሁም” አለች። “ዕጣው በመደባችሁ ወገን ትቆጠራላችሁ። ሰው ቤቱ ሲገባ በመድኃኒቱ የሚያደርገውም የመድኃኒቱ ታሪክ ነው። ያደረጋችሁትን ግን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እባካችሁ፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን።”

ሐኪሙም ቁስሉን ቶሎ ቶሎ እንደሚያይለት፣ ከባሰበት ከጥናቱ አውጥቶ በሌላ መንገድ እንደሚያክመው፣ ዛሬውኑ ልውጣ ቢልም የሚቀየመው እንደሌለ ነገረው። ልብስ ሰፊው ፔዳሉን አሰበ። እየፈራም ቢሆን እቆያለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ፋሻው በተፈታ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፤ ነርሷ ስቃ ክፈት እስክትለው። ቁስሉ ግን መጥበቡን አላቆመም፤ ቀስ እያለ ገጠመ። የሽማግሌው ቀድሞ ድኖ ነበር።

ጥናቱ ሲያልቅ ሁሉንም አዳራሽ ጠሩ። አዲሱ ቅባት ከድሮው ይልቅ የብዙ ሰው ቁስል ዘግቷል፤ ያልዳኑት ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ እሱን ያገኛሉ ተባለ። ከዚያ ለየሰዉ የደረሰው ተነገረው። ባለቁጥሯ ሁለቱ ጓደኛሞች ጋ ስትደርስ ሳቋን መያዝ አቃታት። ለሁለቱም የደረሳቸው የድሮው ነበር።

ጋሼ ፍሬን ተቆጡ። “ታዲያ የእኔ ለምን ቀደመ? የእሱስ ለምን ዘገየ?”

“አላውቅም፣ አባቴ። ሁለታችሁን ብቻ ይዤ ቢሆን ኖሮ እኔም እንደ እርስዎ ነበር የምፈርደው። ብዙ ሰው የምንሰበስበው ለዚህ ነው።”

ሲወጡ ሽማግሌው ከወትሯቸውም አዘገሙ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ለካ የሰጠሁህ የራስህኑ ቅባት ነው አሉ፤ ቅር ብሏቸው።

“ያድነኛል ብለው የያዙትን ነው የከፈሉልኝ፣ ጋሼ” አለ ልብስ ሰፊው። “ውስጡ ያለውንማ ያን ጊዜ ማን ያውቃል? እኔ እስክሞት አመሰግንዎታለሁ።”

በማግስቱ ሽማግሌው ሱሪ ሊያሳጥሩ መጡ። እሱ ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ሲሰፋ ዓይናቸውን ከእግሩ አልነቀሉም። ሱሪው አልቆ ክሩን ሲበጥስ፣ እስቲ ትንሽ ርገጥ አሉት። ከመርፌው ሥር ጨርቅ ባይኖርም ረገጠላቸው።